ብርሃን በአየር የሚጓዝበት ፋይበር፦ ባዶ ኮር ምን ያስገኛል፣ ለማንስ ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ «የፋይበር ኬብል ዝርጋታና ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ብርሃን በመስታወት ሳይሆን በባዶ ቱቦ ውስጥ በአየር የሚጓዝበት አዲስ ፋይበር ተሠርቷል፤ ከመስታወቱ ያነሰ ብክነት አለው፣ ፍጥነቱም በግማሽ ያህል ይበልጣል ሲባል ሰማሁ። አየር ብርሃንን እንዴት ይዞ ማቆየት ይችላል? እውነት ከሆነስ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው መስመር በዚህ ቢተካ የእኛ ኢንተርኔት ይፈጥናል?»

ምላሽ፦

ጠያቂያችን፣ የሰሙት በመሠረቱ ትክክል ነው። ባዶ ኮር ፋይበር (ኮር ማለት ብርሃኑ የሚጓዝበት የፋይበሩ መሃል ነው) የሚባለው ይህ ቴክኖሎጂ ለሃያ አምስት ዓመታት ያህል አብዛኛውን ጊዜ በቤተ ሙከራ ተወስኖ ቆይቷል። በ2025 ግን (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) የብሪታኒያው ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች፣ በ1,550 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት በኪሎሜትር 0.091 ዴሲቤል (ዴሲቤል የብርሃን መዳከም መለኪያ ነው) ብቻ የሚያባክን ፋይበር መሥራታቸውን ኔቸር ፎቶኒክስ በተባለው መጽሔት አስታወቁ። ይህ መጠን ጠጣር የመስታወት ፋይበር እስካሁን ከደረሰበት ዝቅተኛ ብክነት በግልጽ ያንሳል። የመጨረሻውን የጥያቄዎን ክፍል በተመለከተ፣ መስመሩ ቢተካ ሲግናሉ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ በጥቂት ሚሊሰከንድ ያጥራል፤ ደንበኛው ቪዲዮ የሚያወርድበት ፍጥነት ግን በዚህ ምክንያት ብቻ አይለወጥም። ለምን እንደሆነ ለማሳየት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ዴሲቤሉን እርስዎ በየቀኑ ወደሚያውቁት ነገር እንመልሰው። ተራው የጂ.652 ፋይበር (ጂ.652 በብዛት የሚዘረጋው የመስታወት ፋይበር መለያ ነው) በ1,550 ናኖሜትር በኪሎሜትር 0.2 ዴሲቤል ያህል ያባክናል። ስለዚህ ከ100 ኪሎሜትር በኋላ ከገባው ብርሃን የሚተርፈው 1 ከመቶ ብቻ ነው። አዲሱ ፋይበር በዚያው ርቀት 12 ከመቶ ያህሉን ያደርሳል፤ የሚያደርሰው ብርሃን ወደ 1 ከመቶ የሚወርደውም 220 ኪሎሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ነው። በመንገድ የደከመውን ብርሃን ለሚያጠናክር ማጉያ ጣቢያ የሚሆን ቦታ፣ ጄኔሬተርና ጥበቃ ማቅረብ ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቅ ሰው የዚህ ልዩነት ትርጉም አይጠፋውም።

ይህን ቁጥር ከታሪኩ ጋር አያይዞ ማየት ይጠቅማል። በ1966 ቻርልስ ካኦ እና ጆርጅ ሆክሃም በእንግሊዝ ሀርሎ ከተማ በሚገኝ የቴሌኮም ቤተ ሙከራ ሲሠሩ፣ የመስታወት ክር ብክነቱ በኪሎሜትር ከ20 ዴሲቤል በታች ቢወርድ፣ ማለትም ከ1 ኪሎሜትር በኋላ 1 ከመቶው ብርሃን ቢተርፍ፣ ለስልክ ግንኙነት ሊያገለግል እንደሚችል ጻፉ። በወቅቱ የነበረው መስታወት ከዚህ እጅግ የራቀ ስለነበር ሐሳቡ ለብዙዎች የሕልም ያህል ነበር። በ1970 የአሜሪካው ኮርኒንግ ኩባንያ ተመራማሪዎች ሮበርት ማውረር፣ ዶናልድ ኬክ እና ፒተር ሹልትዝ 17 ዴሲቤል አደረሱት፤ በ1979 በጃፓን ወደ 0.20 ወረደ። ካኦም በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በዘጠኝ ዓመት ከ17 ወደ 0.20 የወረደው ብክነት ግን ከዚያ በኋላ ከቦታው ሊነቃነቅ አልቻለም። ሱሚቶሞ ኤሌክትሪክ በ2017 ያስመዘገበው 0.1419 ነበር። ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ድካም ያስገኘው ከ0.20 ወደ 0.14 መውረድን ብቻ ነው ማለት ነው።

ምክንያቱ የአምራቾቹ ስንፍና አይደለም። መስታወት ከቀለጠበት ሲቀዘቅዝ ሞለኪውሎቹ በዘፈቀደ እንደተቀመጡ ይደርቃሉ፤ ከቦታ ቦታ እጅግ ጥቃቅን የእፍጋት ልዩነት ይኖረዋል፣ ብርሃንም በእነዚህ ልዩነቶች ላይ እየተጋጨ ወደ ጎን ይበተናል። ይህ የሬይሌ ብተና ይባላል፤ የሞገድ ርዝመቱ ባጠረ ቁጥር በአራተኛ ደረጃው ያይላል። ረዥም ሞገድ በመጠቀም እንሽሸው ቢባል፣ ከ1,600 ናኖሜትር በኋላ መስታወቱ ራሱ ብርሃኑን ወደ ሙቀት እየለወጠ ይውጠዋል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተገኘችው ጠባብ ሸለቆ ናት እኛ 1,550 የምንላት መስኮት። መስታወቱን የቱንም ያህል ቢያጠሩት፣ መስታወት ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ ብተናው አይጠፋም። የቀረው መንገድ ብርሃኑን ከመስታወቱ ማውጣት ነበር።

እዚህ ላይ ነው ያነሡት ጥያቄ ትክክለኛ ቦታው። እርስዎ የሚዘረጉት ፋይበር ብርሃንን የሚይዘው በሙሉ ውስጣዊ ነጸብራቅ ነው፣ ማለትም ብርሃኑ ከኮሩ ጠርዝ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ እየተመለሰ ነው፤ ይህም የሚሠራው የኮሩ የስብረት ኢንዴክስ (ቁሱ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያዘገይ የሚያሳይ ቁጥር) ኮሩን ከሚከበው መስታወት፣ ከክላዲንጉ ሲበልጥ ብቻ ነው። አየር ደግሞ ኢንዴክሱ 1 ያህል ስለሆነ በመስታወት ሲከበብ ሁኔታው ይገለበጣል፤ ብርሃኑ ከኮሩ ወደ መስታወቱ ይሾልካል እንጂ ወደ ውስጥ አይመለስም። ተራ የመስታወት ቱቦ ወስደው ሌዘር ቢለቁበት ከጥቂት ርቀት በኋላ ምንም ማለት ይቻላል አይቀርም። ስለዚህ አየሩ ብርሃኑን አይዝም፤ የሚይዘው በአየሩ ዙሪያ ያለው የመስታወት አሠራር ነው።

የመጀመሪያው መፍትሔ ከፎቶኒክ ክሪስታል ጥናት መጣ። ኤሊ ያብሎኖቪች እና ሳጂቭ ጆን በ1987 ለየብቻቸው ባወጡት ሥራ፣ አንድ ቁስ ከብርሃን ሞገድ ጋር በሚቀራረብ መጠን ተደጋጋሚ ሆኖ ከተደረደረ የተወሰነ ቀለም ያለው ብርሃን በፍጹም ሊያልፍበት እንደማይችል አሳይተው ነበር። ፊሊፕ ራስል ይህን ሐሳብ ወደ ፋይበር አመጡት። ኮሩን ባዶ አድርጎ፣ በዙሪያው በማር እንጀራ ቅርጽ የተደረደሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉትን መስታወት እንደ ግድግዳ ማቆም ነበር ሐሳቡ፤ በ1999 ቡድናቸው በባዝ ዩኒቨርሲቲ በአየር ውስጥ ብርሃን የሚመራ እንዲህ ያለ ፋይበር ሠርቶ አሳየ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብክነቱ ወደ 1.2 ዴሲቤል ከወረደ በኋላ ግን ቆመ። በቀዳዳዎቹ ውስጠኛ ገጽ ላይ መስታወቱ ሲደርቅ ተቀርጾ የሚቀር የሞገድ ዓይነት ሸካራነት አለ፤ ብርሃኑም ያን ገጽ በመጠኑ ስለሚነካው ይበተናል። ከመስታወቱ አካል የሸሹት ብተና በመስታወቱ ገጽ ላይ ጠበቃቸው።

አሁን ያሸነፈው ሁለተኛው መንገድ ነው፤ በአሠራሩም ከመጀመሪያው ይቀላል፣ ለእኔም ይበልጥ ያምረኛል። በሳሙና አረፋ ላይ የሚታዩት ቀለማት የሚመጡት ከቀጭኑ ሽፋን ፊትና ጀርባ የሚንጸባረቁት ሁለት ሞገዶች አንዳንዱን ቀለም ስለሚያጠናክሩ፣ ሌላውን ስለሚያጠፉ ነው። ቀጭን የመስታወት ግድግዳም እንዲሁ ነው። ከውፍረቱ ጋር የሚገጥመውን ሞገድ ያሳልፋል፣ የማይገጥመውን ግን አብዛኛውን ወደመጣበት ይመልሳል። ለአብነት ግድግዳው 0.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺህኛ ነው) ውፍረት ካለው፣ በኮሩ ውስጥ እየተጓዘ ግድግዳውን እየዳሰሰ የሚሄድ ብርሃን በቀላሉ የሚሾልክበት ሞገድ 1,040 ናኖሜትር ገደማ ነው። 1,550 ናኖሜትሩ ከዚያ ስለራቀ ተመልሶ ወደ አየሩ ይገባል። ሞገዱ ከውፍረቱ ጋር መግጠሙ ሬዞናንስ፣ ይህ ደግሞ ጸረ-ሬዞናንስ ይባላል።

አንድ ግድግዳ ብቻውን አይበቃም። በ2014 የሳውዝሃምፕተኑ ፍራንቸስኮ ፖሌቲ፣ በኮሩ ዙሪያ ከተደረደሩት ቀጫጭን ቱቦዎች በእያንዳንዱ ውስጥ ሌላ ትንሽ ቱቦ ቢገባበት፣ ከመጀመሪያው ግድግዳ ያመለጠውን ሁለተኛው እንደሚመልሰው በስሌት አሳዩ። የ2025ቱ ፋይበር ይህንኑ አንድ እርከን ጨምሮበታል። የተቆረጠውን ጫፍ በማይክሮስኮፕ ቢያዩት መሃሉ 30 ማይክሮን ገደማ ስፋት ያለው ባዶ ነው፤ ዙሪያውን እርስ በርስ የማይነካኩ አምስት ክብ ቱቦዎች ከውጭኛው መስታወት ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ቆመዋል፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ሌላ ቱቦ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ አለ። በተራው ፋይበር ኮሩ 9 ማይክሮን ገደማ ሲሆን ብርሃኑ ሙሉ በሙሉ በመስታወት ውስጥ ነው። በዚህኛው ግን መስታወቱን የሚነካው ከአሥር ሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። ቱቦዎቹ የማይነካኩት ለውበት አይደለም፤ ሁለቱ በተነካኩበት ነጥብ ላይ ግድግዳው ስለሚወፍር የማይፈለግ ሬዞናንስ ይፈጠራል፣ ብርሃኑም በዚያ ይፈስሳል።

አምራቹን የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ቱቦዎቹ በወፍራሙ የመስታወት በትር ውስጥ ከተደረደሩ በኋላ በ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ሲሳቡ፣ የቀለጠው መስታወት ገጽ ሊሰበሰብና ቱቦዎቹን ሊዘጋቸው ይታገላል፤ ስለዚህ በየቱቦው የሚነፋው ጋዝ ግፊት ለየብቻ እየተመጠነ፣ የግድግዳው ውፍረት በኪሎሜትሮች ርዝመት ውስጥ ሳይዛባ መዝለቅ አለበት። የዋጋውም የአቅርቦቱም ጉዳይ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ፍጥነቱ እንምጣ። ብርሃን በባዶ ቦታ በሰከንድ 299,792 ኪሎሜትር ይጓዛል፤ በመስታወት ፋይበር ውስጥ ወደ 204,000 ይወርዳል። በመዘግየት ሲሰላ መስታወቱ በየኪሎሜትሩ 4.9 ማይክሮሰከንድ ሲወስድ፣ ባዶው ኮር 3.3 ገደማ ይወስዳል። «በግማሽ ያህል ይበልጣል» የተባለው ከዚህ የመጣ ነው፤ ለጉዞው ፍጥነት ሲሆን ልክ ነው። ነገር ግን ይህ ፍጥነት እያንዳንዱ ቢት ምን ያህል ቶሎ እንደሚደርስ እንጂ በሰከንድ ስንት ቢት እንደሚያልፍ አይናገርም። ደንበኛዎ «ኢንተርኔቴ ቀርፋፋ ነው» ሲል የሚያማርረው ብዙውን ጊዜ ስለ ሁለተኛው ነው።

ለስሌት ያህል የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኬብል መስመር 900 ኪሎሜትር ነው እንበል። ደርሶ መልስ 1,800 ኪሎሜትር ስለሚሆን፣ በመስታወት 8.8 ሚሊሰከንድ፣ በባዶ ኮር 6 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። ትርፉ 3 ሚሊሰከንድ አይሞላም። አንድ ሰው በቤቱ ዋይፋይ ላይ ፒንግ (ሲግናሉ ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ መለካት) ሲያደርግ፣ ከራውተሩ እስከ ስልኩ ባለው ጥቂት ሜትር ውስጥ ብቻ ከዚህ የሚበልጥ መዋዠቅ ያያል። ከጅቡቲ በኋላ ያለው የባሕር ኬብል ሁሉ ባዶ ኮር ሆኖ፣ እስከ አውሮፓ አገልጋይ ድረስ ያለው መንገድ 9,000 ኪሎሜትር ቢሆን፣ ደርሶ መልሱ ከ88 ሚሊሰከንድ ወደ 60 ይወርዳል። ይህ በኦንላይን ጨዋታና በቪዲዮ ስብሰባ ላይ የሚሰማ ልዩነት ነው። ሆኖም በብዙ ሰዎች የሚጠየቀውን ይዘት በአገር ውስጥ ባለ ካሽ አገልጋይ (የይዘቱን ቅጂ በቅርብ በሚይዝ ኮምፒውተር) ላይ ማስቀመጥ ያንኑ 88 ሚሊሰከንድ ወደ ጥቂት ሚሊሰከንድ ያወርደዋል፤ ያለውን መስታወት ሳይነኩ ማለት ነው። ለእኛ ገንዘቡ መጀመሪያ መዋል ያለበት እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ታዲያ እነማን ናቸው የቸኮሉት? በመጀመሪያ የጀመሩት ሚሊሰከንድ በገንዘብ የሚመነዘርላቸው የአክሲዮን ገበያ ነጋዴዎችና የቴሌኮም ኩባንያዎች ሙከራ ክፍሎች ነበሩ፤ የብሪታኒያው ቢቲ በ2021 ኢፕስዊች አቅራቢያ በሚገኘው አዳስትራል ፓርክ በ10 ኪሎሜትር መስመር ሞክሮታል። ዋናው ግፊት የመጣው ግን ከዳታ ሴንተሮች ነው። ማይክሮሶፍት ከሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የወጣውን ሉሜኒሲቲ የተባለ ኩባንያ በታኅሣሥ 2022 ገዛው፤ በኅዳር 2024 ደግሞ በ24 ወራት ውስጥ 15,000 ኪሎሜትር ባዶ ኮር ፋይበር እንደሚዘረጋ አስታወቀ። ምክንያቱ ከተማሪ ስሌት አያልፍም። በአንድ አካባቢ ያሉ ዳታ ሴንተሮች እንደ አንድ ሆነው እንዲሠሩ በመካከላቸው ያለው መዘግየት ከተወሰነ ገደብ መብለጥ የለበትም። በመስታወት 100 ኪሎሜትር የሚፈቅድ ገደብ በአየር 147 ኪሎሜትር ይፈቅዳል፤ ይህም ሕንጻ ሊቆምበት የሚችለውን የመሬት ስፋት ከእጥፍ በላይ ያሳድገዋል። መሬትና ኤሌክትሪክ በጠበበት ዘመን፣ የኃይል ጣቢያ ያለበትን ቦታ ርቆ ሄዶ መምረጥ መቻል ከሚሊሰከንዱ የበለጠ ዋጋ አለው።

የመስኮቱ ስፋትም መነሣት ይገባዋል። የ2025ቱ ፋይበር ከ0.2 ዴሲቤል በታች የሚሠራበት ክልል 66 ቴራኸርዝ ስፋት አለው። ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበት፣ በ1,550 ናኖሜትር ዙሪያ ያለው ሲ-ባንድ ከ5 ቴራኸርዝ አይበልጥም። በተጨማሪም ብርሃኑ መስታወቱን እምብዛም ስለማይነካ፣ ኃይሉ ሲጨምር መስታወቱ ሲግናሉን የሚያዛባበት ባሕርይ እዚህ እጅግ ደካማ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ኃይል መልቀቅ ይቻላል። በ2022 በዚሁ ዓይነት ፋይበር 1 ኪሎዋት የሌዘር ኃይል 1 ኪሎሜትር ማድረስ ተችሏል፤ ይህ ለብረት መቁረጫና ለብየዳ ሥራ ትልቅ ነገር ነው። በቴሌኮም ግን ሰፊው መስኮት ገና አልተከፈተም። ዛሬ የሚያገለግሉት፣ ኤርቢየም በተባለ ንጥረ ነገር የሚሠሩት ማጉያዎች የሚያጎሉት ያችኑ የለመድናትን ጠባብ ክልል ስለሆነ፣ ሌላውን ክልል ለመጠቀም ሌሎች ማጉያዎች፣ ሌዘሮችና መቀበያዎች በተመጣጣኝ ዋጋ መገኘት አለባቸው።

አሁን በቀጥታ ወደ እርስዎ ሙያ ልምጣ፤ የዜና ዘገባዎቹ ብዙም የማያነሡት ይህን ነው። ስፕላይስ የሚያደርጉበት (የሁለት ፋይበሮችን ጫፍ አቅልጠው የሚያገናኙበት) ማሽን ለጂ.652 በተሞላው ፕሮግራም ቢሠራ የኤሌክትሪክ ቅስቱ ሙቀት ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ያቀልጣቸውና ኮሩ ይዘጋል። ቅስቱ አጭርና ደካማ መሆን አለበት፤ ሁለቱ ጫፎች ከመገናኘታቸው በፊት ደግሞ ቱቦዎቹ ፊት ለፊት እንዲገጥሙ ፋይበሩ በዘንጉ ላይ መሽከርከር አለበት። ከተራ ፋይበር ጋር ሲያገናኙት የብርሃኑ ክብ ስፋት ስለማይመሳሰል በመካከል ማስተካከያ ቁራጭ ያስፈልጋል። በተጨማሪ ብርሃኑ ከአየር ወደ መስታወት ሲሻገር 3 ከመቶ የሚሆነው ስለሚንጸባረቅ፣ ጫፉ ጸረ-ነጸብራቅ ሽፋን ይቀባል ወይም በማዕዘን ይቆረጣል።

በፋይበር ላይ ብልሽት ያለበትን ቦታ የሚያሳየው መሣሪያ፣ ኦቲዲአሩም እንደለመዱት አያነብም። ኦቲዲአር የሚሠራው ከመስታወቱ ወደ ኋላ የሚመለሰውን የሬይሌ ብተና በመለካት ነው። እዚህ ግን ብተናውን ያጠፋነው ሆን ብለን ነው፤ ከቱቦው የሚመለሰው ብርሃን ከተራው ፋይበር ከሺህ እጥፍ በላይ ስለሚደክም፣ ተራ መሣሪያ ላይ ዘንበል ብላ የምትወርደዋ መስመር በመሣሪያው የራሱ ሲግናል ጩኸት ውስጥ ትሰጥማለች። መሰበሩን ለማግኘት ለዚህ የተዘጋጀና ስሜቱ የላቀ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ከሁሉም ይበልጥ እኔን የሚያሳስበኝ የተቆረጠ ኬብል ነው። ተራ ፋይበር በቁፋሮ ማሽን ቢቆረጥ ጫፉ ይቆሽሻል እንጂ ውስጡ መስታወት ስለሆነ ጥቂት ሜትር ቆርጠው በአዲስ ያገናኙታል። ባዶው ኮር ሲቆረጥ ግን እርጥበትና አየር ወደ ቱቦዎቹ ይገባሉ። የውሃ ትነት ከ1,350 እስከ 1,450 ናኖሜትር ባለው አካባቢ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከ1,570 ናኖሜትር በላይ ባለው ኤል-ባንድ ብርሃን የሚውጡባቸው መስመሮች አሏቸው። ስለዚህ ጉዳቱ በተቆረጠበት ነጥብ ብቻ አይወሰንም፤ ጫፉ ሳይታሸግ በቆየ ቁጥር ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በዝናብ ወራት ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ ኬብል የጠገነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የመንገድ ሥራና የሕንጻ ቁፋሮ በየጊዜው ኬብል በሚቆርጥበት አገር፣ ከቤተ ሙከራው ዴሲቤል ይልቅ ይህ ጥያቄ ቀድሞ መመለስ አለበት።

በዚህ ምክንያት ባዶ ኮር ፋይበር ወደ እኛ አገር ቢመጣ መጀመሪያ የሚገባው በጅቡቲው ረዥም መስመር ላይ ሳይሆን፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ባሉ ሁለት ዳታ ሴንተሮች መካከል፣ በተጠበቀ ቦይ ውስጥ በተዘረጋ አጭር መስመር ላይ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። በረዥሙ መስመር ላይ የሚያስገኘው ትልቁ ጥቅም የማጉያ ጣቢያዎችን ቁጥር መቀነሱ ቢሆንም፣ ያ ጥቅም የሚገኘው 0.091 የተባለው ቁጥር ከመጠቅለያው (ፋይበሩ ከተጠቀለለበት ድራም) ወጥቶ፣ በኬብል ተሸፍኖ፣ በየጥቂት ኪሎሜትሩ ስፕላይስ ተደርጎ በመሬት ውስጥም ሲጸና ነው። አንድ አቅራቢ ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጥቶ ይህን ፋይበር ቢያስተዋውቅ፣ በመጠቅለያው ላይ የተለካውን ብክነት ወደ ጎን ትተው ከተዘረጋ በኋላ የተለካውን፣ የእያንዳንዱን ስፕላይስ ብክነት፣ ኬብሉ ተቆርጦ በውሃ ውስጥ ቢያድር ስንት ሜትር ተቆርጦ እንደሚጣል፣ ጥገናውንም የእርስዎ ቡድን በራሱ መሣሪያ መሥራት ይችል እንደሆነ ይጠይቁት።